አባባ ባንዳ የሆኑበት ፊልም

ፖርት ሰኢድ፣ ሐሙስ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1988

ግሪክ አገር ፒሬየስ ላለኸው ለምወድህ ወንድሜ ለሪፍዓት፣

እንዴት ነህ? ባለቤትህስ፣ ልጆችስ? እኛ ደህና ነን፤ አባባን ብቻ ሳል አላስተኛ ብሏቸው ከርሟል። ሐኪሙን ብጠይቀው "ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለኝ፤ ባለጌ!

ሰኞ ለፀደይ በዓል ቴሌቪዥኑ ያንን ፊልም አሳየ። አዎ፣ በ1956ቱ የእንግሊዝ ወረራ ጊዜ ስለነበሩት አርበኞች እዚሁ ሰፈራችን የተቀረጸውን። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያስታወሰው ሰው አልነበረም። ላጠፋው ስነሳ አባባ "ተይው" አሉ። አርበኞቹ መሣሪያ ሲደብቁ አይተው "እኛ እኮ ቦምቡን በሰርዲን ሸፍነን ነበር የምናሳልፈው፤ እነዚህ በዳቦ ቅርጫት!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ራሳቸው ብቅ አሉ፤ በዚያ ግራጫ ኮት፣ የአርበኞቹን ቤት ለእንግሊዙ መኮንን በጣታቸው ሲጠቁሙ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

"ሁሉም ጀግና ልሁን አለ፤ ባንዳውን የሚሠራ ጠፋ" አሉኝ። "ታዲያ ያን ጊዜ አሳልፎ የሰጠን ማን ነው ሊባል ነው?"

እኔ ግን ዓይኔን ከኮቱ መንቀል አቃተኝ። ፊልሙ በወጣበት ዓመት የሰፈሩ ልጆች፣ በበዓሉ ዋዜማ እንደ ልማዳችን የሚጠሉትን ሰው ከገለባ ሠርተው ሲያቃጥሉ፣ አባባን ሠሩ። ያውም የገዛ ኮታቸውን አልብሰው! አባባ "ከቤቴ ማን አወጣው?" እያሉ በቀበቶ ሲገርፉህ ዝም አልክ። በአሥራ ስምንት ዓመትህ መርከብ ተሳፍረህ ሄድክ። እሳቸው እስከ ዛሬ "ይቅርታ ይጠይቀኝና ይምጣ" ይላሉ፤ አንተ "ባላጠፋሁት?" ትላለህ።

አይተኸኝ ነበር፣ አይደል? ኮቱን በሻርፕ ጠቅልዬ በደረጃው ስወርድ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ልጃገረዶቹ "የባንዳ ልጅ! ካልሆንሽ ኮቱን አምጪዋ!" አሉኝ፤ ወስጄ ሰጠኋቸው። አንተ እኔን ላለማስመታት ዝም አልክ። እኔስ ይህን ሁሉ ዓመት? ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ፊልሙ ሲያልቅ አባባ "ሪፍዓት ፂም አለው?" አሉ።

"አለው። ሸብቷልም።"

"ሸበተ?" ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ነገ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነብላቸዋለሁ። ሳላነብላቸው ፖስታ ቤት አልወስደውም። ስለዚህ እጅህ ከገባ፣ ሰምተዋል ማለት ነው።

አላህ ከባሕሩ ይጠብቅህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

እህትህ ኢንሺራህ