ሁሉም ልክ ሆኖ እህቴ ስለወደቀችበት ወንበር

ለክቡር የምርት ልማትና የንድፍ መምሪያ ኃላፊ
የተሽከርካሪ ወንበርና የሕክምና አልጋ ፋብሪካ
ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተ ሰብዎና በእርስዎ ሥር ላሉት ባለሙያዎች በሙሉ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። በተለይም ወገብዎን ደኅና እንዲያደርግልዎ፣ የሚቀመጡበትም ወንበር ካስቀመጡት ቦታ ሳይነቃነቅ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ይህ ለብዙ ሰው ትንሽ ምኞት ይመስላል፣ በኛ ቤት ግን ከጸሎት ይቆጠራል።

ባለፉት ሰባት ወራት ሦስት ደብዳቤዎች በፖስታ አሽጌ ልኬልዎ ነበር። ሥራ ስለሚበዛብዎ የታሸገ ነገር መክፈት እንደሚያደክምዎ ስለተረዳሁ፣ ይህን አራተኛውን ሳላሽግ በጋዜጣ ማውጣቱ ለእርስዎም ይቀላል ብዬ አሰብሁ።

ማንነቴን ላስታውስዎ። በዚሁ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ንድፍ አራሚ ነበርሁ፤ ይኸውም ሌላ ሰው የነደፈውን ዕቃ ወደ ማምረቻ ክፍል ከመውረዱ በፊት መስመር በመስመር፣ ቁጥር በቁጥር መርምሬ በመጨረሻ በፊርማዬ ኃላፊነቱን የምወስድ ሠራተኛ ነበርሁ። ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። የምኖረው ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። እሷ በወጣትነቷ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ስለነበረች የከተማውን ሰው ግማሹን በድምፁ ታውቀዋለች፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። ሐኪሙ በቀን ሁለት ሰዓት ቀና ብላ ካልተቀመጠች ሳንባዋ እንደሚጎዳ ስለነገረን ከፋብሪካዎ ተሽከርካሪ ወንበር ገዛንላት። ቆንጆ ወንበር ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። እንግዲህ አቤቱታዬን በተማርሁት ሥርዓት በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ፒኗ።

የወንበሩን ጎማ ጨብጦ የሚይዘው የፍሬን እጀታ በአንዲት አጭር የብረት ፒን ላይ ይዞራል። ንድፍዎ ፒኗ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ትሁን፣ የምትገባበት ቀዳዳም አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሁን ይላል። ሲያነቡት እንዴት ያለ ስምምነት ነው ያሰኛል። ነገር ግን ድፍን አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚባል ነገር በወረቀት ላይ እንጂ በዓለም ላይ የለም፤ ብረት የሚቆርጥ እጅም ሆነ ማሽን ጥቂት ማብለጡ ወይም ማሳነሱ አይቀርም። ስለዚህም ነው በሙያችን ከእያንዳንዱ ልክ አጠገብ ቶለራንስ የሚባለው፣ ከተጻፈው ቁጥር ምን ያህል ቢርቅ ይቅር እንደሚባል የሚወስነው ሌላ ቁጥር የሚጻፈው። ያስተማሩኝ መምህር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "የምሕረት ልክ" ይሉት ነበር። ምሕረት ለማይገባው ምሕረት ያደረገ ተማሪ ወረቀቱ ዓይኑ እያየ ተቀዶ ከባዶ ይጀምራል እንጂ ላጲስ አይፈቀድለትም ነበር።

በእርስዎ ንድፍ ላይ ለፒኗም ለቀዳዳውም የራሳቸው የምሕረት ልክ አልተጻፈላቸውም። ካልተጻፈ ደግሞ በወረቀቱ ግርጌ ያለው ጠቅላላ ደንብ ይሠራል፤ እሱም ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢበልጥም ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያንስም ይለፍ ይላል። የእህቴን ወንበር በራሴ ማይክሮሜትር ብለካው ሳይበሉ በቀሩበት በኩል ፒኗ አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት፣ ቀዳዳው አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት ሆነው ተገኙ። ሁለቱም በደንቡ መሠረት ልክ ናቸው። በሁለቱ መካከል ግን እንኳን ፍሬን፣ የጓዳ በርም የማያስተማምን ክፍተት አለ። ያ ክፍተት ለአራት ወር ሲያንገጫግጭ ቀዳዳውን በልቶ ሞላላ አደረገው፤ እጀታው ወደ ታች ይጫናል፣ ጎማውን ግን አይነካም።

በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት እህቴን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ፣ ፍሬኑን ወደ ታች ጨምቄ፣ ሻሿን ላመጣላት ገባሁ። የግቢያችን ቁልቁለት አሥራ አንድ ርምጃ ነው። ስመለስ ወንበሩ የግቢውን በር ገጭቶ ተገልብጦ እሷ ከሥሩ ነበረች። የተሰበረው የቀኝ እጇ አንጓ ነው፤ የሚታዘዝላት እጅ እሱ ብቻ ነበር። በሰባ ስምንት ዓመቴ መሮጥ እንደምችል ያወቅሁት ያን ዕለት ስለሆነ ለዚህ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪. በፋብሪካዎ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ።

ፒኗንና ቀዳዳው ያለበትን ማቀፊያ ብረት ፈትቼ፣ በመሐረብ ቋጥሬ መጣሁ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ አስተዳደጉን አመሰግናለሁ። የፍሬኑን ንድፍ በኮምፒውተሩ ላይ አውጥቶ ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ "እማማ፣ ይኸው ይዩት፤ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ የሚነካካ ነገር የለም" አለኝ። እውነቱን ነው። እዚያ ውስጥ ፒኗ ያለ ቅባት ትዞራለች፤ እዚያ ውስጥ ዝገት የለም፣ ቁልቁለት የለም፣ እህት የለችም። ኮምፒውተር እንደምጠላ እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ መስመሮቹ ከኔ መስመሮች ይልቅ የቀጠኑ ናቸው፣ ቀለምም አያንጠባጥብም። መሐረቤን ፈትቼ እውነተኛዋን ፒን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት ግን የሰው ጥርስ ያየ ያህል ሸሸት አለና "ይሄማ የማምረቻ ክፍል ጣጣ ነው" ብሎ ወደ ታች ሰደደኝ።

የማምረቻው አለቃ "እኛ የወረደልንን ነው የምንቆርጠው፤ ወረቀቱ ያላለውን ከየት እናምጣልሽ?" አሉኝ። የጥራት ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አድርጋ ፒኗንም ማቀፊያውንም ሳይበሉ በቀሩበት በኩል በጥንቃቄ ለካች፤ ከዚያም በሐዘኔታ "እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግሽ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው" ብላ በቅጽ ላይ ማኅተም መትታ ሰጠችኝ። ስለዚህ ንድፍ ክፍሉ ልክ ነው፣ ማምረቻው ልክ ነው፣ ቁጥጥሩም ልክ ነው፤ በጠቅላላው ጉዳይ ውስጥ ልክ ሳትሆን የተገኘችው እህቴ ብቻ ናት።

ለማነጻጸር ያህል፣ በኛ ጊዜ አንድ ኋላ ቀር ልማድ ነበረን። አራሚው ከመፈረሙ በፊት ንድፉን ይዞ ደረጃውን ይወርድና ብረቱን በማሽን ለሚቆርጠው ለቶርኖ ሠራተኛው ይሰጠዋል፤ ሠራተኛውም ጮክ ብሎ ያነብለታል። እያነበበ አንዲት ጥያቄ ከጠየቀ ንድፉ ሳይፈረም ወደ ላይ ይመለሳል። ጥያቄ ከማብዛቱ የተነሣ "ለምን" ብለን የሰየምነው አንድ ቶርኖ ሠራተኛ ነበረን። ለአንድ የአልጋ ማንሻ አሥራ ሦስት ጊዜ ደረጃ አውርዶ አውጥቶኛል፤ በዚያን ወቅት እንደሱ የጠላሁት ሰው አልነበረም። በእጁ ያለፈ ፍሬን ግን ማንንም አልጣለም። እናንተ ንድፉን በኢሜይል በማውረዳችሁ የስንቱን አራሚ ጉልበት እንዳዳናችሁ ሳስብ እደነቃለሁ።

፫. ስለ ፊርማዬ።

ይህን አቤቱታ ለመጻፍ እጄ እንዴት እንደሚከብደኝ ቢያውቁ ኖሮ ወጣቱ መሐንዲስዎ ንድፉን አትሞ ባልሰጣት ኖሮ ይሉ ነበር። በወረቀቱ ቀኝ ጥግ፣ ስምና ፊርማ በሚሰፍርበት ሰንጠረዥ ውስጥ፣ "ያረመው" በሚለው ሣጥን ላይ የኔ ፊርማ አለ። መምሰል አይደለም፤ ጅራቱ ወደ ላይ የሚቆለመመው ራሱ የኔው ነው።

መሐንዲሱ ሳይጨነቅ "እሱማ ቅጹ ነው እማማ፣ ከድሮም እንደዚሁ ነው" አለኝ። ነገሩ ኋላ ገባኝ። ጡረታ በወጣሁበት ወር የንድፍ ሰሌዳዎቹ ተነሥተው ኮምፒውተሮቹ ሲገቡ፣ አንድ ሰው የመጨረሻ የፈረምሁትን ወረቀት ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ፣ ሥዕሉን አጥፍቶ፣ ክፈፉን፣ የግርጌውን ደንብና ፊርማዬ ያለበትን ሰንጠረዥ ለወደፊቱ ሥራ ሁሉ ቅጽ እንዲሆን አስቀመጠው። ያ የመጨረሻ ወረቀቴ የቆሻሻ መጣያ ክዳን ንድፍ ነበር። ለክዳን ግማሽ ሚሊ ሜትር ምሕረት ይገባዋል፤ አስቤ የጻፍሁት ነው፣ ዛሬም አልጸጸትበትም። እነሆ ለክዳን ያደረግሁት ምሕረት ለአልጋው፣ ለማንሻው፣ ለፍሬኑም ተዳረሰ። እስካሁን በዚህ ቅጽ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ያህል ንድፎች እንደወጡ መሐንዲሱ በኩራት ነግሮኛል። እኔ ጡረታ ወጥቼ ደጄ ላይ አበባ የማጠጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በእርስዎ ቸርነት አንድ ቀን ሳልቀር በሥራ ላይ ነበርሁ።

ያ "ለምን" ያልሁዎት ሰው ዛሬ በሰፈራችን ትንሽ ቶርኖ ቤት አለው። ፒኗን፣ ማቀፊያውንና ወረቀቱን ይዤ ሄድሁ። ፒኗን በጣቱ አገላብጦ "ይቺን ላወፍርልሽ እችላለሁ፤ ቀዳዳው ግን እንቁላል ሆኗል፣ አዲስ ማቀፊያ ካላመጣሽ ሥራዬ ከንቱ ነው" አለ። ማቀፊያውን ፋብሪካዎ ለብቻው አይሸጥም። ከዚያ ወረቀቱን አነበበ፤ ከላይ ጀምሮ፣ እንደ ድሮው ጮክ ብሎ፣ እስከ ቀኙ ጥግ ድረስ። ጥጉ ላይ ያለውን ፊርማ በጣቱ ነካው። ከዚያ ወረቀቱን በአራት አጥፎ መለሰልኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህ ሰው ለምን ሳይለኝ የቀረበት ቀን ያ ብቻ ነው። እኔም ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ፤ ፊርማው የኔ ነዋ፣ ምን እላለሁ?

፬. ስለ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴዎ መልስ።

አጭር ስለነበረ እኔም በአጭሩ አመሰግናለሁ። "ንድፉ በብቁ ባለሙያ ታርሞ የጸደቀ በመሆኑ ጉድለት የለበትም፤ ማብራሪያ ካስፈለገ አራሚዋን ማነጋገር ይቻላል" ይላል። አራሚዋን በዚያው ቀን አነጋገርኋት። ምንም የምታውቀው ነገር የለም።

፭. ስለ መግቢያ ቃሉ።

ፊርማዬ ይነሣ፣ ለፒኗና ለቀዳዳውም ተገቢው ልክ ይጻፍላቸው ብዬ ስጠይቅ፣ የታረመ ንድፍ የሚለወጠው አራሚው በራሱ የምስጢር ቃል ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ሲፈቅድ ብቻ ነው ተባልሁ። የምስጢር ቃሉ ይሰጠኝ አልሁ። ለሥራ ላይ ሠራተኛ እንጂ ለጡረተኛ አይሰጥም ተባልሁ። እንግዲህ ያን ንድፍ ለማስተካከል ሥልጣን ያላት ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እንዳትነካው የተከለከለችውም እኔው ነኝ። ሥራ ላይ ላለመሆኔ ማስረጃው የጡረታ ደብተሬ፣ ሥራ ላይ ለመሆኔ ማስረጃው የእርስዎ ፍሬን ነው።

ስድስተኛ የምለው አቤቱታ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥር አልሰጠሁትም።

እህቴ ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም ብላለች። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ደግፌ አሳየኋት፤ ድንጋዩን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሌላ ወንበር ግዢላት የሚሉኝ አሉ፤ በከተማው ያለው ሁሉ የእርስዎ ነው፣ ፒኗም ያችው ናት። ስለዚህ በየቀኑ አልጋው ላይ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን እንቀመጣለን፤ እኔ የእሷ መደገፊያ ነኝ። አንዳንዴ ትቀልዳለች፤ "እትዬ፣ ተዪው እንግዲህ፤ ከማን ጋር ነው የምትካሰሺው፣ ከገዛ እጅሽ ጋር?" ትለኛለች። መጀመሪያ ላይ ሁለቱን ሰዓት እንሞላ ነበር። ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ትናንት በአርባኛው ደቂቃ ላይ ወገቤን ያዘኝ። ትንፋሼን ዋጥ ባደርገውም በጀርባዋ ሰምታኝ ኖሮ "ደከመኝ፣ አስተኚኝ" አለች። አልደከማትም ነበር። እህቴን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ስትዋሽ ድምፅዋ እንደ ስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ድምፅ ትሑት ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባኝ አላውቅም። ሰው ሲሳሳት እንዴት እንደሚታረም ተምሬአለሁ፤ ሁሉም ልክ ሲሆን ግን ምን እንደሚደረግ መምህሬ አላስተማሩኝም። አንድ ማቀፊያ ብረትና አንዲት ፒን፣ ከነእውነተኛ ልካቸው፣ ቢላኩልኝ እለምናለሁ። ጊዜ ካጡ ደግሞ እረዳዎታለሁ።

ለከበረ ጊዜዎ፣ ለማያልቀው ትዕግሥትዎና ሳያውቁኝ ለጣሉብኝ እምነት የላቀ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ጊዜ ፈርማልዎ ይህን አንዱን ብቻ በገዛ እጇ የፈረመች፣

ታዛዥዎ፣
ንድፍ አራሚዎ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስሁት፦ የልጆች ተሽከርካሪ ወንበር ማምረት ልትጀምሩ እንደሆነ በጋዜጣ አነበብሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ማስታወቂያው ፍሬኑ "በአዋቂዎች ወንበር ላይ የተፈተነው" ያው ፍሬን መሆኑን ይናገራል፤ እውነት ነው፣ ተፈትኗል። ከእናቶቹ አንዷ ምናልባት ይህን ያረመው ማነው ብላ የጠየቀች እንደሆነ የቤቴን አድራሻ ለመስጠት አይቸገሩ። የትም አልሄድም። በሩን ለመክፈት ግን ጥቂት ብዘገይ ትታገሠኝ፤ መጀመሪያ እህቴን ቀስ አድርጌ ማስተኛት አለብኝ።