ሸምሶን ጎበዝ ያልሽው ቀን

ቡታጅራ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሔራን፣

እንደምን ሰነበትሽ? የጎንደር ብርድ በዚህ ወር ይከፋል ይላሉ፤ ሹራብሽን ልበሺ። እናትሽ ደህና ናት። በርበሬ ስትቀነጥስ ሰንብታ ሁለት ቀን አስነጠሳት እንጂ ሌላ አላገኛትም። ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ጎረቤታችን መምህርት ናዝሬት ናት፤ ለስልጠና ወደዚያ እንደምትመጣ ስሰማ ለመንኳት። በስልክ ስናወራ እናትሽ ከአጠገቤ አትለይም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ስልኩ ራሱ የሥራ ጓደኛዬ የሸምሶ ነው። ይህ በእሱ ስልክ የሚነገር አይደለም።

ወገቤን የተጎዳሁት ጭቃ አዳልጦኝ ነው ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው።

ክረምት ለዕረፍት ስትመጪ መጋዘናችን ድረስ መጥተሽ ጫኝና አውራጆቹን ያስተማርሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ። የወገብና የመገጣጠሚያ ሕክምና የምትማር ልጄ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እህል በተሸከምኩበት ቦታ ቆማ ስትናገር ደረቴ ተነፋ። "እስቲ አንድ ሰው እንደ ልማዱ ያንሳ" ስትዪ ማንም ሳይቀድመኝ ወጣሁ። ሌላው ሰው አሸክሙኝ ይላል፤ እኔ ኩንታል ከመሬት ብቻዬን በማንሳት የታወቅሁ ነኝ። ጎንበስ ብዬ ብድግ አደረግሁት።

"አባዬ፣ እንዲህ አይነሳም! ወገብህን እየገደልከው ነው" አልሽኝ። ሰዎቹ ሳቁ።

ከዚያ ሸምሶን ጠራሽው። "እግርህን ከፈት አድርግ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ወገብህ ቀጥ ይበል። ጭነቱን ወደ ደረትህ አስጠጋው። ስትዞር በእግርህ ዙር፣ ወገብህን አትጠምዝዝ" አልሽው። ያልሽውን ሁሉ አደረገ። እጅሽን ጀርባው ላይ አሳርፈሽ "ጎበዝ ጋሼ ሸምሶ!" አልሽው።

ሔራን፣ ያቺ "ጎበዝ" እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። አንቺን ያሳደግሁት በዚህ ጀርባ ነው። "እንዲህ አይነሳም" ስትዪኝ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሁሉ ስህተት ነው ያልሽኝ መሰለኝ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባሰ። ሸምሶ ጠዋት ጠዋት ሰዎቹን ሰብስቦ "ሔራን እንዳለችው" እያለ ያስተምር ጀመር። የጫኝና አውራጅ ማኅበራችንን ጎትጉቶ ሁለት የእጅ ጋሪ አስገዛ። ኩንታል ለሁለት ካልሆነ አልነካም አለ። "ወላሂ ተካ፣ ልጅህ እኮ ናት! ፊት መቅደም ያለብህ አንተ ነህ" ይለኛል። ስምሽን ባነሳ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ልጅ ስላልወለደ የእኔን ሊወስድ ነው ብዬ አሰብኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ አሰብኩ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ አይሱዙ በቆሎ ጭኖ መጣ። ሸምሶ ጋሪውን አስጠግቶ "ተካ፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ" አለኝ።

"አንተ ጋሪህን ግፋ። እኔ ጀርባ አለኝ" አልኩት።

ኩንታሉን ከመሬት ብቻዬን አነሳሁት። ከዚያ ሸምሶ ማየቱን ላረጋግጥ ወገቤን ጠምዝዤ ዞርኩ። ውስጤ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ቀኝ እግሬ ከዳኝና ከኩንታሉ ጋር ወደቅሁ።

ሰዎቹ ሊያነሱኝ ሲሻሙ ሸምሶ "አትጎትቱት! ሔራን የተጎዳ ሰው አይጎተትም ብላለች!" ብሎ ጮኸ። ልጄ፣ መሬት ላይ ተዘርሬ፣ እግሬ ደንዝዞ፣ ስምሽን ከአፉ ስሰማ ቀናሁ።

በጣውላ ላይ አድርጎ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። ሐኪሙ ዲስኬ መንሸራተቱን ነገረኝ፤ ኦፕራሲዮን ላያስፈልግ ይችላል፣ ኩንታል ግን ከእንግዲህ የለም አለ። ለአንቺም ለእናትሽም ጭቃ አዳልጦት ነው እንዲል ሸምሶን ያስማልኩት እኔ ነኝ። አልወደደውም፤ ግን ጠበቀልኝ።

የምትልኪው የእንቅስቃሴ ቪዲዮ የሚመጣው በእሱ ስልክ ነው። ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ይመጣል። እኔ ሰሌን ላይ ተጋድሜ እግሬን ሳነሳ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ይቆጥራል። "ቀስ በል፣ ሔራን እንዲህ አላለችም" ይለኛል። ስልኩን ነጥቄ ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እግሬ ነፍስ ዘርቷል፤ አሁን እስከ አስፋልቱ ሄጄ እመለሳለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ቀስ እያልኩ መጋዘኑ ድረስ ሄድኩ። ሙባሪክ የሚባለው ጉልበተኛ ኩንታል ብቻውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሏል። ሸምሶ ቢከለክለው "ጋሽ ተካ ስንት ዓመት ሲያነሳ አልኖረም እንዴ?" አለው።

ዝም ማለት አልቻልኩም። ሸሚዜን ገልጬ ሐኪሙ ወገቤ ላይ ያሰረልኝን ቀበቶ አሳየሁት። "እየው። ያን ቀን ያነሳሁት ከሸምሶ እንደምበልጥ ላሳያችሁ ብዬ ነው። ልጄ እሱን ስላመሰገነችው ቀንቼ ነው። በል ሰው ጥራ" አልኩት።

ሙባሪክ ኩንታሉን ለቀቀና ጓደኛውን ጠራ። ሸምሶ መሬት መሬቱን አየ። ወደ ቤት ሸኝቶኝ በራችን ላይ "ለልጅህ ንገራት። እሷን መዋሸት ከበደኝ" አለኝ። ለእናትሽ ዛሬ ማታ ራት ላይ እነግራታለሁ፤ አንቺን ማስቀደሜ ፊትሽ ስለማይታየኝ ነው።

በሚቀጥለው ዕረፍት ስትመጪ ዕቃ ማንሳት መጀመሪያ የምታስተምሪው እኔን ይሁን። ኩንታል አይሁን፤ ባዶ ካርቶን ይበቃኛል። መጋዘን አንሂድ፤ እዚሁ ቤት፣ እኔና አንቺ ብቻ።

ቅዱስ ዑራኤል አእምሮሽን ያብራልሽ፤ የምትዳስሺው በሽተኛ ሁሉ ቆሞ ይሂድ።

አባትሽ
ተካ

ሸምሶ አሁን መጥቶ ሰላም በልልኝ ብሎኝ ነበር። ወረቀቱ ሞልቷል አልኩት። ይኸው ብዬለታለሁ።