ባለ ስድስት ሚሊው መስታወት

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ጉልበቴ ያስቸግረኛል። ይህችን ሰላምታ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃታለሁ። ከሰላምታው በኋላ የሚመጣውን ሳስብ እጄ እምቢ ይለኛል። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርህ፦ ግንቡ የተናደ ዕለት አንተ አላጠፋህም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ጠርጥሬ ዝም አልኩ፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደግሞ አውቄ ዝም አልኩ።

ዘንድሮ ክረምቱ ጨክኖብናል። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ አራት ቀን ሙሉ ሳያባራ ወረደ። ወንዙ ድልድዩን ዘልሎ ገበያው ድረስ መጣ፤ የሱቄ ወለል ላይ የተኛው ጭቃ ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። ቆመው የነበሩ መስታወቶቼን አንድ በአንድ አጥቤ መደርደሪያ ላይ እስካወጣ ወገቤ ተቆረጠ። ያ ሁሉ ጎርፍ የድሮውን ናዳ አፈር ከሥር ቦርቡሮት ኖሮ፣ ቦይ የሚጠርጉት ሠራተኞች የአሮጌውን ግንብ ቁራጭ ከተለጠፈበት መስታወት ጋር አገኙ። አሁን በአንተ ቦታ ግንቡን የምትጠብቀው ልጅ በከረጢት ተሸክማ ሱቄ ይዛው መጣች። ቀጭን ናት፣ ፈጣን ናት፣ እንዳንተ ጃንጥላ መያዝ አትወድም።

«እቴቴ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ ያውቁታል ብለውኝ ነው። ይሄ መስታወት ውፍረቱ ስንት ሚሊ ነው?» አለችኝ።

ሳልለካው አውቄዋለሁ። ግን መለኪያውን አውጥቼ ለካሁት፣ ጊዜ ለመግዛት። ስድስት ነበር።

አንተው ያስተማርከኝን መልሼ ለአንተ ማስረዳቴ ነው፣ ታገሠኝ። ሥራውን የጀመርክ ሰሞን ሱቄ መጥተህ፣ አቧራ የያዘ መስታወት ላይ በጣትህ ሥለህ አሳየኸኝ። ተራራውን ደግፎ በያዘው ግንብ ላይ ስንጥቅ አለ። ስንጥቁን የምታቋርጥ ቀጭን መስታወት ትለጠፋለች፣ ሁለት ጫፏ በሲሚንቶ ይያዛል። ተራራው በፀጉር ስፋት ከተንቀሳቀሰ መስታወቷ ትሰበራለች፤ አንተ ደግሞ ከግንቡ ሥር ያሉትን አሥራ አንድ ቤቶች እያንኳኳህ ሰዉን ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ታወጣለህ። «ምስኪን ናት፣ ሥራዋ መሰበር ብቻ ነው» አልከኝ። «ከሁለት ሚሊ እንዳትበልጥብኝ።» እሺ አልኩህ። ለታላቅ ወንድሜ መስታወት መቁረጥ ኩራቴ ነበር።

በዚያ ክረምት ሦስት ጊዜ ተሰበረች። ሦስት ጊዜ ሰዉን አወጣህ፣ ሦስት ጊዜም ምንም አልሆነም። የሰበራት ብርዱ ይሁን ተራራው ዛሬም አላውቅም። ሰፈርተኛው ስም አወጣልህ፤ አቶ ውጡ። ስሙን ያወጣው ከግንቡ ሥር የሚኖረው ጫማ ሰሪ ነበር፣ ያ ከአንተ ጋር ሳይጨቃጨቅ ሻይ የማይወርድለት ወዳጅህ። አንድ ቀን እኔ ሱቅ በር ላይ ስትደርስ፣ «አቶ ውጡ መጣ፣ ጫማችሁን አጥልቁ» አለ። «እኔስ ምን ከፋኝ፣ ጭቃ ለጭቃ በሮጣችሁ ቁጥር ሶል ያልቃል።» ሁሉም ሳቀ፤ አንተም አብረህ ሳቅህ። ጆሮህ ግን ቀልቶ ነበር። ከልጅነትህ ጀምሮ ስትናደድ ሳይሆን ስታፍር ነው ጆሮህ የሚቀላው። በዚያው ሳምንት አለቃህ፣ ሰዉን በከንቱ አንድ ጊዜ እንኳ ደግመህ ብታስወጣ ከሥራው እንደሚያነሳህ ነገረህ።

አራተኛዋን መስታወት ልትወስድ ስትመጣ እኔ ቆርጬ ጠብቄህ ነበር። ከመድኃኒት ቤቱ ትልቅ መስኮት የተረፈ፣ ባለ ስድስት ሚሊ። በመዶሻ ካልሆነ በብርድ የማይሰበር። በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁህ። በእጅህ መዘን አድርገህ፣ «ድንቡሼ፣ ይቺ ከበድ አላለችም?» አልከኝ።

«አዲስ ዓይነት ነው፤ ያው ሁለት ሚሊ ነው» አልኩህ።

አመንከኝ። ሃያ ዓመት መስታወት የቆረጠችን እህትህን ለምን አታምንም? ዝናቡ እየወረደ፣ በደነዘዘ እጅህ፣ መሰላል ላይ ቆመህ ለጠፍካት። እኔ ደግሞ ከሳቅ ያዳንኩህ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ማሰብ የነበረብኝን አላሰብኩም ጋሼ። ያየሁት የአንተን ጆሮ ብቻ ነው።

ያን ቀን ታስታውሰዋለህ፤ እኔ ግን ከወዲህ በኩል የነበረውን ልንገርህ። ለስድስተኛ ቀን እየዘነበ ነበር። ጠዋት ወጣህ፣ አየህ፤ ቀትር ላይ ደግመህ ወጣህ፣ አየህ። ስትመለስ ጫማ ሰሪው መዶሻውን፣ ወስፌውንና ቆዳውን በእጅ ጋሪ ጭኖ ከሱቄ ፊት ቆሞ ይጠብቅህ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ጠየቀህ።

«እንውጣ እንዴ ወንድሜ? ከቤቴ ጀርባ ከግንቡ የሚወርደው ውሃ ደፍርሶብኛል።»

«መስታወቷ ደህና ናት» አልከው። «አሁን አየኋት፣ ጭረት እንኳ የላትም። ግባ ይልቅ፣ ቆዳህ እንዳይበሰብስ።»

እኔ መቁረጫዬን እንደያዝኩ በሩ ውስጥ ቆሜ እየሰማሁ ነበር። ጋሼ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ውሸቴን ነው፣ ወፍራም ነው የሰጠሁህ» ማለት ስንት ቃል ነው? እዚያ ሰው ፊት እንዴት አዋርደዋለሁ አልኩ። ማታ ለብቻው እነግረዋለሁ አልኩ። ጫማ ሰሪው ጋሪውን አዙሮ ቤቱ ገባ፤ ዕቃውን ሲያወርድ የመዶሻው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግንቡ ወረደ። ያ ሁሉ ሰው ሥራና ገበያ ውሎ ተረፈ፤ እሱ ብቻ ጫማ እየሰፋ ከናዳው ሥር ቀረ። ሁለት ቀን ስንቆፍር አንተ አካፋ ጥለህ በእጅህ ነበር የምትቆፍረው።

የአደጋው አጣሪዎች «ግንቡ ድረስ ሳይወጣ መስታወቷን አይቻለሁ ብሏል» ብለው ጻፉ። አልተከራከርክም። አውቶቡስ ስትሳፈር፣ «ድንቡሼ፣ ጭጋግ ነበር መሰለኝ፤ በደንብ አላየሁም ይሆናል» አልከኝ። እኔ የካፖርትህን ቁልፍ ቆልፌ፣ «በል መንገድ ላይ እንዳይበርድህ» አልኩህ። እህት ነኝና ያልኩት ይኸው ነው። ይህን ሳስታውስ ራሴን እጠላለሁ።

ከዚያ ኮረብታ የሌለበት ሜዳ አገር ሄደህ መጋዘን ጠባቂ ሆንክ። አምና በጻፍክልኝ ደብዳቤ፣ ከመተኛትህ በፊት በሩን ሦስት ጊዜ ተነስተህ እንደምታይ፣ ቆልፈኸው እንኳ ዓይንህን እንደማታምን ነገርከኝ። ቀልድ አስመስለህ ነው የጻፍከው። ደብዳቤህን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና መስታወት መቁረጤን ቀጠልኩ።

አሁን ልጅቷ ያመጣችው ቁራጭ እፊቴ ነው። አንዱ ጫፍ ሲሚንቶውን እንደነከሰ ነው፤ ሌላው ጫፍ ንጹሕ ነው፣ ሾልኮ ወጥቷል። ግንቡ ተንቀሳቅሷል፤ መስታወቱ ግን በመሰበር ፈንታ ከሲሚንቶው እየተንሸራተተ ቆየ። ፊት ለፊት ለሚያየው ሰው ደህና ነበር። ወጥተሃል፣ አይተሃል፣ ያየኸውም ልክ ነው።

ለልጅቷ ሁሉንም ነገርኳት። ጻፈችው፣ ፈረምኩ፤ ለአጣሪዎቹም ልካዋለች። አዲስ መስታወትም ቆረጥኩላት፣ ባለ ሁለት ሚሊ። በፊቴ መለኪያዬን አንስታ ራሷ ለካችው። አልከፋኝም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወደ ጫማ ሰሪው ሚስት ሄድኩ። ሥራውን እሷ ይዛዋለች፤ አንድ ቡት ጉልበቷ መሃል ይዛ እየሰፋች ነበር። ቆሜ ነገርኳት። ክሩን ሳትበጥስ አቆመች።

«ወንድምሽ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

«ባሌ ዕቃውን መልሶ ያወረደው የእሱን ዓይን አምኖ ነው። ዓይኑ ልክ ነበር ማለት ነው?»

«ልክ ነበር።»

ቡቱን ገልብጣ ስፌቱን አየችው። ከዚያ መርፌዋን አንስታ፣ «በይ ጻፊለት» አለችኝ። «ያንቺን ሌላ ቀን እንነጋገራለን።» ያ ቀን ሲመጣ እሄዳለሁ፤ የምትለኝንም ተቀምጬ እሰማለሁ።

ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም፤ ያ በአንተ ጊዜ የሚሆን ነው፣ ባይሆንም ይገባኛል። መስታወቱን በፎጣ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ስታወጣው ተጠንቀቅ፣ ጠርዙ ይቆርጣል። ራስህ ለካው፣ የእኔን ቃል አትመን።

ከዚያ በሩን አንድ ጊዜ ብቻ ቆልፍና ተኛ።

ድንቡሼህ