ዲያቆን ሰጠኝ ይግዛው የመገናኛ ክፍልን ለምን መረጡ?

ፈሪ ስትሏቸው የከረማችሁት ሰው ዛሬ ፊታችሁ ተኝተዋል፤ እስቲ ከመካከላችሁ ያልፈራ ማን ነው?

ዲያቆን ሰጠኝ ይግዛው ከአባታቸው ከቄስ ይግዛው አሻግሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታንጉት ድረስ፣ ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ገብረ ሚካኤል ነው። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተማሩ። ለዜማ ዳባት ሄደው ከአንድ መሪጌታ ዘንድ አራት ዓመት ተቀመጡ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ስለነበር መምህራቸው “ይኼ ልጅ ሲያዜም ገደሉም ይቀበለዋል” ይሉ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ዲቁና ተቀበሉ፤ ከዚያም ደባርቅ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1970 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸጊቱ ፋንታዬን በተክሊል አግብተው ዓለምዬንና ሀብተ ሚካኤልን ወለዱ። ለጥር 1976 ዓ.ም. ቅስና ሊቀበሉ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር።

ያ ቀን አልደረሰም። በታኅሣሥ ወር ጨው ሊገዙ ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ሳለ፣ ስማቸው ከብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ውስጥ ተገኘ ተብለው እዚያው ተያዙ። ዝርዝሩን ማን ጻፈው? ገበያው ሙሉ ነበር፤ የጠየቀ አልነበረም። አባታቸው ቄስ ይግዛው ወሬውን ሰምተው ሲሮጡ ደረሱ፤ መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። የልጃቸውን ጋቢ ጫፍ ይዘው፣ “ልጄ፣ ሞት ቢመጣብህ ሙት። እጅህን ግን ንጹሕ አድርገህ መልስልኝ፤ ሰው የገደለ መቅደስ አይገባም” አሏቸው። ጋቢው ከእጃቸው እስኪያመልጥ ድረስ አልለቀቁም።

በማሠልጠኛው ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ለብቻ ተሰልፈው ምን መሆን እንደሚፈልጉ ተጠየቁ። ሰው ስለ አገር ፍቅር የሚመርጥ ይመስላችኋል? የዳባቱ ያርጋል ታንከኛነትን መረጠ፤ “ጥይት ከመጣ መጀመሪያ ብረቱን ያናግረው” አለ። ሌላው ሾፌርነትን መረጠ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ መንጃ ፈቃዱ በእጁ ይቀርለታል። አንዱ ወጥ ቤትን ጠየቀ፤ ከጥይት እንደሚያርቀው ለመናገር እንኳ አላፈረም። እግረኛን ማንም አልመረጠም፤ እግረኛ ፊደል ላልቆጠረው ድሀ ተመርጦለት ነበር። ሁሉም የመረጠው በፍርሃቱ ልክ ነው።

ዲያቆን ሰጠኝ በመጀመሪያ ሕክምናን ጠየቁ፤ ሞልቷል ተባሉ። ቀጥለው መገናኛን ጠየቁ። በእሳቸው ሐሳብ፣ ጀርባው ላይ ሬዲዮ የተሸከመ ሰው ቃል ያቀብላል እንጂ ደም አያፈስም። መዝጋቢው መቶ አለቃ ሳቅ ብሎ፣ “አንተ ዲያቆን፣ ከመስመሩ ኋላ መሆን አማረህ? ትፈራለህ?” ሲላቸው፣ “አዎ ጓድ መቶ አለቃ፣ እፈራለሁ” አሉ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። “ፈሪው ሰጠኝ” የሚለው ስም የተወለደው እዚያ ነው፤ ደባርቅ ድረስ የመጣውም በዚያ ሰልፍ በሳቁት ሰዎች አፍ ነው። ሞትንም ይፈሩ ነበር፤ ለሸጊቱ በጻፉት ደብዳቤ አልደበቁትም። ከሞት የበለጠ የሚያስፈራቸው ግን የአባታቸው ቃል ነበር። ይህን ለመቶ አለቃው ማስረዳት ምን ይጠቅማል?

በሰሜን ግንባር ሁለት ዓመት አገለገሉ። አዛዡ ከካርታው ላይ የሚመታውን ቦታ ቁጥር ያነባል፤ እሳቸው ቁጥሩን በሬዲዮ ለመድፈኞቹ ያቀብላሉ። ቁጥሩን በዜማ ቤት ድምፃቸው እየረገጡ ስለሚያነቡ መድፈኞቹ “አባ ሬዲዮ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትቀድስልን ነው?” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ቁጥር ደም የለውም፤ ስለዚህ እጃቸው ንጹሕ መሰላቸው። ስሕተታቸው ይኸው ነው።

በጥር 1978 ዓ.ም. ክፍላቸው ወደፊት ሲጓዝ አንድ አውድማ ላይ ደረሰ። ገብሱ ተከምሮ ነበር። ለመውቂያ የተጠመዱት በሬዎች እንደታሰሩ ወድቀዋል፤ አንድ ሽማግሌ መንሹን እንደያዙ፣ ከጎናቸው ሁለት ሴቶች። አዛዡ ካርታውን አይቶ የዲያቆኑን ትከሻ መታ መታ አደረገና፣ “ትናንት ያቀበልከው ቁጥር ይኼ ነው። ጎበዝ! አንዲት አኃዝ አልሳትክም” አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ ማዳመጫውን አውልቀው ይጥሉ ጀመር፤ ድምፃቸውም ተዘጋ። በ1979 ዓ.ም. ለአገልግሎት አይበቁም ተብለው ተሰናበቱ።

ደባርቅ ሲመለሱ አባታቸው የጠየቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “እጅህስ?” ዲያቆን ሰጠኝ “አላውቅም አባቴ” አሉ። ከዚያ በኋላ መቅደስ አልገቡም። ቅዳሴውን ከቅጽሩ ውጭ፣ ዛፍ ተደግፈው ያስቀድሱ ነበር። እናንተ ግን ይህንንም “ከጦር ሜዳ የተረፈ ፍርሃት” አላችሁት።

ዲቁናቸው መፍረስ አለመፍረሱን የደብሩን አለቃ ሦስት ጊዜ ጠየቁ። በመጀመሪያው “ያላየኸውን ሰው ገደልኩ አትበል” ተባሉ። በሁለተኛው “ተው ልጄ፣ ፈርሷል ብል በየግንባሩ ያለውን ወታደር ኮነንክ እባላለሁ፤ አልፈረሰም ብል ቀኖናውን አፈርሳለሁ። ግድግዳ ጆሮ አለው” ተባሉ። በሦስተኛው፣ አልጋ ላይ ሆነው ልጃቸውን ዓለምዬን ቢልኩ፣ አለቃው የሉም ተባለች። ሕፃኗ ግን የአለቃውን ጫማ ከደጃፉ አይታለች።

ዲያቆን ሰጠኝ በሳንባ ሕመም አምስት ወር ማቀቁ። በመጨረሻው ሳምንት ያስጨነቃቸው ሞቱ አልነበረም፤ “በየትኛው ጸሎት ትቀብሩኛላችሁ?” እያሉ ባለቤታቸውን ይጠይቁ ነበር። መጋቢት 12 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በሠላሳ ዓመታቸው አረፉ። አባታቸው፣ እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው አሉ። የአውድማውን ሽማግሌና የዲያቆኑን ነፍስ የሚያውቅ አምላክ፣ ሁለቱንም ፍርሃት በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን።

ይህ ሲነበብ ከቅጽሩ በር ቆመው የሚሰሙትን ማን እንደላካቸው እናውቃለን። ይህን የማነብላችሁ የአጎታቸው ልጅም እፈራለሁ። ቢሆንም አነባለሁ! ቁጥሩን ያቀበለው ከረከሰ፣ ቁጥሩን ያዘዘውስ? ስማቸውን በዝርዝሩ ላይ ያሰፈረውስ? በገበያው መካከል ጨውና በርበሬውን እየመዘነ ዝም ያለውስ?

መጽሐፈ ግንዘት ለዲያቆን የተለየ፣ ክህነት ለሌለው ሕዝባዊ የተለየ የቀብር ጸሎት አለው። መቃብሩ ተቆፍሯል፤ ሬሳው አልወረደም፤ ቄስ ይግዛው በልጃቸው ራስጌ መስቀላቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው። አለቃ ሆይ፣ አራተኛው ጥያቄ ይኸው፤ አሁን ጫማዎም እርስዎም እዚሁ ነዎት። ዲያቆን ናቸው ወይስ አይደሉም? በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይመልሱ።