ከግራ ሁለተኛው ሰውዬ

ማክሰኞ

ጎረቤቴ ሚስ ሩቢ በሬን ደብድባ አንድ ፎቶ እጄ ላይ አስቀመጠች። ዘጠኝ ጥቁር የቤዝቦል ተጫዋቾች፣ የእንጨት አጥር ፊት ቆመው። «ከግራ ሁለተኛው አባቴ ነው» አለችኝ። እናቷ እንዲህ እያለች ነው ያሳደገቻት። ሰሞኑን ግን ወንድሟ በስልክ፣ «አባታችን ኳስ ነክቶ አያውቅም፤ እማማ የፈጠረችው ነው» አላት። አባትየው የሞተው እሷ ሁለት ዓመቷ ሳለ ነው። አሁን ሰማንያ ሞልቷታል። ሌላ ፎቶ የላትም። ይህ እሱ ካልሆነ መልኩን አታውቀውም ማለት ነው።

«አንተ ዕድሜ ታወጣ የለ? አውጣ!»
«የፎቶውን ነው የአንቺን?»
በቦርሳዋ አቀመሰችኝ።

ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ የያዘኝ ሱስ ነው፤ የድሮ የቤዝቦል ፎቶ መሰብሰብ፣ መቼ እንደተነሳ ማወቅ። ጨዋታው ዛሬም በቅጡ አይገባኝም። ይህን ለማንም አልናገርም።

ረቡዕ

ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሰፈራችን፣ አስቴር ምግብ ቤት። ካሸሯ ጋ ሐሰተኛ ዶላር የሚለይ ሐምራዊ መብራት አለ። በፈረንጅ ከሃምሳዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠራ የፎቶ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ እሱ ሥር ቦግ ይላል፤ የቀደመው ደብዝዞ ይቀራል።

«ጋሼ፣ ደግሞ መጡ? ሰው ተሰልፎ እኮ ነው!»
«ሽሮሽን ስላልቀመሱት ነው የተሰለፉት» አልኳት።

ፎቶውን አስገባሁ። ቦግ አለ። ወረቀቱ ሰውየው ከሞተ ከዓመታት በኋላ የተሠራ ነው። እንግዲያ እሱ አይደለም።

ሐሙስ

ቤቷ ሃያ እርምጃ ነው። እኔ ፈሪው በስልክ ነገርኳት። ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ። «ኦኬ» አለች። ሚስ ሩቢ በ«ኦኬ» ብቻ ስልክ ዘግታ አታውቅም።

የልጅ ልጄ ሊያ ከሎንግ ቢች ሆስፒታል ሥራ ጨርሳ መጣች፣ ነገርኳት። «ሹር ነህ ግን አባባ?» (አንቱታን እዚህ የተወለዱት ልጆች ዘንድ ቀብረነዋል።) «መብራት ይዋሻል እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ። የተቆጣሁት ሹር ስላልነበርኩ ነው።

ዓርብ

ፎቶውን ልመልስላት ፖስታ ውስጥ ሳስገባው፣ ጥጉ ላይ ያለውን የእጥፋት መስመር በጣቴ ዳበስኩ። የለም! ለዓይን ይታያል፣ ለጣት ወረቀቱ ልስልስ ነው። የታጠፈው ሌላ ፎቶ ነበር፤ ይሄ የዚያ ፎቶ ፎቶ ነው። ወረቀቱ አዲስ፣ ምስሉ አሮጌ። መብራቱ ስለ ወረቀቱ ነገረኝ፣ እኔ ደደቡ ስለ ሰዎቹ የነገረኝ መሰለኝ።

ማጉያ መነጽሬን አወጣሁ።

ጓንቶቹ፦ ጣቶቻቸው በጠፍር ያልተያያዙ። የድሮ ነው።
ሱሪዎቹ፦ ሱፍ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰው ይይዛል።
ከአጥሩ ኋላ መኪና፦ የፊት መብራቶቹ እንደ እንቁራሪት ዓይን ውጭ የወጡ። መኪናን ለእኔ ተዉልኝ። የፈረንጅ ሠላሳዎቹ!

ያኔ አባትየው በሕይወት አለ፣ ወጣት ነው። እሱ መሆኑን ግን ጓንትም መኪናም አይነግረኝም።

ቅዳሜ

ሃያዋን እርምጃ በእግሬ ሄድኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ጣቷን ይዤ እጥፋቱን አስዳበስኳት። ደጋግማ ዳበሰችው።

«ስለዚህ እሱ ነው።»
«ዘመኑ ገጥሟል። ሊሆን ይችላል ነው የምልሽ።»
«ጆሮውን እየው!»

የእሱን አየሁ፣ የእሷን አየሁ። እውነትም ሁለቱም ነፋስ እንደያዘው ሸራ ቆመዋል። «በጆሮ ከሆነ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ዘመድሽ ነው» አልኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቅ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ጀርባው ላይ በእርሳስ «ሠላሳዎቹ ገደማ» ብዬ ጻፍኩ። ያለ «ገደማ» ጽፌ አላውቅም። «ስሙንም ጻፍ» አለችኝ። ጻፍኩና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። ከመሳቢያዋ ላጲስ አወጣች፣ ምልክቷን ፈገፈገች፣ ብናኟን እፍ አለች፣ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«አሁን አንተ ዝም ብለህ ስማኝ» ስትለው እየሰማሁ ወጣሁ። ልክ መሆኔን እንጃ። ያቺን ምልክት ግን መልሼ አልጽፋትም።