ጅረቱ ሞልቶ ያስቀረው እንግዳ

ለተከበሩ እትዬ፣

ክረምቱ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? ባለፈው በስልክ ደረጃ መውጣት እየከበደኝ ነው ስላሉኝ በጸሎቴ አስቀድሜ የማነሳው እሱን ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ሳሉም ለቆኛል። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው፤ አንዷን ብቻ ቀበሮ በላት።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። ግን ዳር ዳር ማለት ልማዴ መሆኑን ያውቃሉና ከድልድዩ ልጀምር።

እህትዎን ኦሌታን የቀበርን ዕለት ጅረቱ ሞልቶ ሬሳዋን በትራክተር ማሻገራችንን፣ እርስዎም ማዶ ቆመው በዓይንዎ ብቻ መሸኘትዎን መቼም አይረሱትም። ያ ዝቅ ያለ ድልድይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይሰጥማል። አምቡላንሱ ቆሞ ይጠብቃል፤ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ልጆቹን ከወዲያ አውርዶ ይመለሳል። ለምክር ቤት ተወካያችን ለሚስተር ስታምፐር ያልነገርንበት ጊዜ የለም። "እያየሁት ነው" ይሉናል። ከየት ሆነው እንደሚያዩት እግዜር ይወቅ፤ እዚህ ረግጠው አያውቁም። ለምንስ ይረግጣሉ? በእኛ ወረዳ የህዳሩን ምርጫ ማን እንደሚያሸንፍ ሁሌም የታወቀ ነው፤ የእኛው ፓርቲ ነው። ቁርጡ የሚታወቀው የፓርቲው መራጮች በግንቦት ዕጩውን ሲመርጡ ነው፤ እዚያ ደግሞ እሳቸውን የሚገዳደር ተነስቶ አያውቅም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም።

አምና ግን ቬርሊን ተነሳች። ያቺ ከኦሌታ ጋር በመዘምራን ትቆም የነበረችው፣ የአውቶቡሱ ሾፌር። ልጆቹን በዝናብ አውርዳ መመለሱ አንገሸገሻት። ለዕጩነት ስትመዘገብ ሰው ሁሉ ሳቀባት። ባለጋራዡ ሃርላን "ቬርሊን፣ ምክር ቤት ገብተሽ እነዚያን ትልልቅ ሰዎች እጃችሁን ከመስኮት አስገቡ ልትያቸው ነው?" ቢላት፣ "አይ፣ ወሬ የሚያበዛውን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። አንተንስ ትምህርት ቤት ያመላለስኩህ እንዲያ አይደል?" አለችው። እኔም በፒክአፔ በየቤቱ አዞርኳት።

የግንቦቱ ምርጫ ማክሰኞ ሊሆን፣ እሁዱ በየዓመቱ መቃብር የምናጸዳበት ቀን ሆነ። አበባውን አስተካክለን፣ ምግቡን ሣሩ ላይ ዘርግተን ሳለ አንድ አዲስ መኪና ድልድዩን ተሻግሮ መጣ። ሚስተር ስታምፐር ናቸው፤ ጫማቸው ያበራል። ሰዉን ጨብጠው ቶሎ ሊሄዱ ነበር። ሰማዩን ግን እኛ እንጂ እሳቸው አላዩትም። ከላይ ተራራው ላይ ዘነበና ጅረቱ ድልድዩን ዋጠው። እኛ እንዲህ ሲሆን ምግብና ብርድ ልብስ አትርፈን መምጣት ለምደናል። እሳቸው መኪናቸው ድረስ ሮጠው ውሃውን አይተው ቆሙ። አሮጊቷ አክስት ሃቲ ከወንበራቸው ሳይነሱ "ና ብላ ልጄ፤ ያ ውሃ መራጭ አይደለም፣ ብትጨብጠውም መንገድ አይለቅልህም" አሏቸው።

ቬርሊን አሁን ልክ ልካቸውን ትነግራቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ ተመኝቶት ነበር። እሷ ግን ዶሮና የበቆሎ ዳቦ በሳህን አድርጋ ሰጠቻቸውና "ይቀመጡ፣ ሰዎቹ የሚነግሩዎት አላቸው" ብላ ዞር አለች። ውሃው እስኪጎድል ሁሉም በየተራ ነገራቸው። እኔ ጋ ሲደርሱ አጠገቤ ያለው መቃብር የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የትራክተሩን ነገር ነገርኳቸው። ሳህናቸውን መሬት አስቀመጡ።

ማክሰኞ እሳቸው አሸነፉ፤ ግን ለጥቂት። ቬርሊን ያን ማታ ደውላ እንኳን ደስ አለዎት ካለቻቸው በኋላ "ከሁለት ዓመት በኋላም ግንቦት አለ፣ ጌታዬ" አለቻቸው። በጋው ሳያልፍ መሐንዲሶች መጡ። ሚስተር ስታምፐርም እየመጡ ጭቃው ውስጥ ይቆሙ ነበር፤ አሁን ቦት ጫማ ገዝተዋል። ሃርላን "ሰውዬው የፈሩት እግዜርን ሳይሆን ቬርሊንን ነው" ይላል።

እኔም በወንጌል ያለውን ያን ክፉ ዳኛ አሰብኩ፤ መበለቲቱ ስለነዘነዘችው ብቻ የፈረደላትን። መጀመሪያ ሚስተር ስታምፐርን ልንቃቸው ቃጣኝ። ኋላ ግን እኔስ የምሠራት በጎ ነገር ሁሉ ከፍቅር ብቻ ነች ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን ለራሴ ልተወው። አዲሱ ድልድይ ግን ከምን ልብ እንደወጣ ሳይጠይቅ ሁሉንም ያሻግራል። ከፍ ያለ ነው፣ እትዬ። ባለፈው ወር ጅረቱ ጢም ብሎ ሲሞላ አውቶቡሱ ከላዩ እያለፈ ነበር። እኔም ተሳፍሬ ነበር፤ ከሾፌሯ ጋር ወሬ ስለማበዛ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣኛለች።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ዘንድሮ ለመቃብሩ እሁድ ይምጡልኝ። እስከ ኦሃዮ ድረስ መጥቼ እወስድዎታለሁ፤ መኪናው መቃብሯ አጠገብ ያደርስዎታል፣ አንድ እርምጃ አይለፉም። ኦሌታ የምትወደው ነጭ አበባ ራስጌዋ ላይ ተተክሏል፤ የተከለችው ያቺው ፊት ወንበር ላይ ያስቀመጠችኝ ናት፤ ሲመጡ ያገኟታል። ከምግብ በኋላ ሦስታችን እዚያው ትንሽ ብንቀመጥ ደስ ይለኛል። ጎጆ ስለመቀለስ ባነሳባት፣ "ከማንም በፊት እትዬ ይስሙ፣ እሳቸው ደስ ካላላቸው ይቅር" ተብያለሁ፤ እኔም ልክ ነው ብያለሁ።

ጌታ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ መንገዱንም ያቅናልን።

እርስዎ እስከፈቀዱልኝ ድረስ ወንድምዎ፣
የእህትዎ ባል