ጠርሙሱ ሥራ ቦታ፣ ሽታው ቤት

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ዛሬ ሳሎኑ ውስጥ የስድስት ሰው እግር አጠብኩ። አንዷ የሀይሌ ጋርመንት ሰፈርን ጭቃ ይዛ ነው የመጣችው፤ ተረከዟን የፋቅኩት ፊቴን አዙሬ ነው። ከሁሉም የሚያንገሸግሸኝ ግን አሴቶን ነው። የጥፍር ጄል ለማስለቀቅ ጥጥ ነክሬበት ጣት ላይ ስጠቀልል ጉሮሮዬ ድረስ ይገባል። ምሳዬ ሳይቀር እሱን እሱን አለኝ። ላፍቶ ቤቴ ስገባም ሽታው ጠበቀኝ። እጄን በሎሚ አሸሁ፣ ሹራቤን በረንዳ ላይ ሰቀልኩ። አልለቅ አለ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ዛሬም ቤቱ ይሸታል። ጠርሙስ ከፍተሽ ትተሽ ነው ብዬ ሜሮን ላይ ጮህኩባት። ታናሽ እህቴ ናት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት እየጠበቀች ነው። የስኳር በሽታ ከያዛት አምስት ዓመቷ ነው። አልነካሁም አለች፣ በሰለለ ድምፅ። ውሃ በላይ በላይ ትጠጣለች። የኢንሱሊን መርፌሽን ተወግተሻል ስላት አዎ አለች። የስኳር መለኪያው ወረቀት ካለቀ ሰነባብቷል፤ ነገ እገዛለሁ እያልኩ። የንስሐ አባታችን ፍልሰታን እንዳትጾም ስለከለከሏት ምሳዋን ሠርቼ ነው የምወጣው፣ ማታ ስመለስ ድስቱ ባዶ ነው።

አልጋችን አንድ ነው። ሽታው ከእሷ በኩል ሲመጣብኝ አፍንጫዬን ያዝኩ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ጠዋት አስመለሳት። ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ፊቷን ላብስላት ጎንበስ ስል አሴቶኑ ከአፏ ወጣ። ከእጄ አይደለም። ከአፏ!

በኮንትራት ታክሲ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሟ ገና ስትጠጋት አወቀች። «መርፌ ያቆመችው መቼ ነው?» አለችኝ። አላቆመችም ብዬ ተከራከርኩ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

አቁማለች። ውጤት እንዲመጣላት ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም ተስላ ኖሯል። ምሳዋን የሚበላው የኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ ነው። «ካልበላሁ ስኳሩ ከየት ይመጣል ብዬ የጠዋቱን ተውኩት፤ የማታውንም ቀነስኩት» አለችኝ።

ሐኪሟ አስረዳችን። ሰው ባይበላም ጉበቱ ስኳር ይሠራል። ኢንሱሊን ከሌለ ግን ሰውነት ስኳሩን መጠቀም አይችልም፤ ስቡን ማቃጠል ይጀምራል። ከዚያ ኪቶን የሚባል ነገር ደሙን ያኮመጥጠዋል። አንዱ ኪቶን አሴቶን ነው፣ በትንፋሽ ይወጣል። እኔ ጥጥ የምነክርበት ራሱ።

ሜሮን ፈሳሽ መስጫው ክንዷ ላይ እንደተሰካ፣ «ኪቶን የኬሚስትሪ ፈተናው ላይ መጥቶ ነበር። ከእነዚህ ኪቶን የቱ ነው ይላል። አሴቶን ብዬ መልሻለሁ» አለች። በጥፊ ላጮላት ነበር። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ኪቶኑ ከሽንቷ ጠፋ። ነገ ያስወጡን ይሆናል። የንስሐ አባታችን መጥተው ስእለቱን ፈቱላት፤ በሰው ፊት ውሃም ዳቦም አስቀመሷት።

ሰሞኑን ከእግርም ከአሴቶንም በላይ ያስጠላኝ እኔው ራሴ ነኝ። እህቴ ስትመረዝ አፍንጫዬን ይዤ ዞሬ ተኛሁ።

አፍሽን ክፈቺ አልኳት። አፈረች። ሦስት ቀን ያልተፋቀ አፍ፣ ክርፍት ያለ። ደግሜ አሸተትኩት፤ አሴቶን የለውም።

የሳሎኑ ባለቤት ደውላ፣ ጄል የሚለቀቅላቸው ደንበኞች ሰኞ ይጠብቁሻል አለችኝ። እሄዳለሁ። ኪቶንን ከሽንት የሚለይ መመርመሪያ ወረቀት ግን ዛሬውኑ ገዝቻለሁ። አሴቶን ጠግቤ ቤት ስገባ፣ ሽታው የእኔ ይሁን የእሷ በአፍንጫዬ እንዴት እለያለሁ?